አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቷል ወይ? ከትንሽ አየር ማረፊያ ስለ መብረር

ከቦሌ መብረር የለመደ ሰው ላሊበላ አየር ማረፊያ ደርሶ ወደ ሜዳው ሲመለከት መጀመሪያ የሚያስተውለው አንድም አውሮፕላን አለመቆሙን ነው። ተሳፋሪው ተፈትሾ ገብቷል፣ ሻንጣው ተመዝኗል፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱም በእጁ ነው፤ የሚሳፈርበት አውሮፕላን ግን ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ምናልባትም ከአዲስ አበባ አልተነሣም። ከትንሽ አየር ማረፊያ ስለ መብረር ሊታወቅ ከሚገባው ነገር ዋናው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለው ማረፊያ የራሱ የሆነ አውሮፕላንም ሆነ ተጠባባቂ አብራሪ የለውም፤ ሁሉም ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ወደ አዲስ አበባም ይመለሳል። ይህን የተረዳ ተጓዥ ስለ መዘግየቱም፣ ስለ ሻንጣውም፣ ስለ ስረዛውም የሚሰጠውን ምክንያት ያገናዝባል፤ ያልተረዳው ግን ሠራተኞቹ የደበቁት ነገር ያለ ይመስለዋል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይደክማልም።

ምሳሌዬን በአብዛኛው ከላሊበላ እወስዳለሁ፤ ነገሩ ግን በመጠኑ ለጋምቤላም፣ ለአርባ ምንጭም፣ ለጅንካም፣ ለሰመራም የሚሠራ ነው። አስቀድሞ ማን ምን እንደሚሠራ ማወቁ ይጠቅማል። የኤርፖርቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ጋር ስለ ተዋሐደ አውሮፕላኑንም ሕንፃውንም የሚያስተዳድረው አንድ ተቋም ነው፤ የቁጥጥሩና የአየር ትራፊኩ ሥራ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ድርሻ ነው። ስለዚህ ቅሬታ ያለው መንገደኛ ከካውንተር ወደ አስተዳደር፣ ከአስተዳደር ወደ ካውንተር መመላለስ አይኖርበትም፤ ጉዳዩን ለአንዱ ካስረዳ ይበቃዋል።

በሀገር ውስጥ በረራ ላይ በብዛት የሚሠራው አውሮፕላን ዳሽ 8 ኪው400 የሚባለው፣ ክንፉ ከላይ የሆነ፣ በሁለት ሞተርና ስድስት ስድስት ምላስ ባላቸው ፕሮፔለሮች የሚበር አውሮፕላን ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ይጠቀምበታል። ሰባ ያህል ሰው ይይዛል፤ ወንበሮቹ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው የተደረደሩ ስለሆኑ መካከል ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ ሰው የለም። አንድ አውሮፕላን በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ አንዱ ከተማ ሄዶ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይነሣል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ከተሞችን አያይዞ ይዞራል። አርፎ፣ ሰው አውርዶ፣ ሻንጣ አራግፎና ጭኖ፣ ሌላ ሰው አሳፍሮ እስኪነሣ የሚቆየው ግፋ ቢል አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ አሠራር ውስጥ ጠዋት በአንዱ ከተማ የጠፋች ግማሽ ሰዓት እስከ ማታ አብራ ትዞራለች። ጎንደር ላይ በጉም ምክንያት የዘገየው አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ጅማ ላይ ፀሐይ እየሞቀው የሚጠብቀውን ሰው ሊያዘገየው ይችላል፤ የጅማው ሰው ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ «የአየር ጠባይ ነው ይሉናል፤ የታለ ደመናው?» ቢል አይፈረድበትም።

እንግዲህ ሲዘገይ «መቼ ነው የምንነሣው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም፤ የካውንተሩ ሠራተኛ ራሷ የምታውቀው ግምቱን ብቻ ነው። የሚያዋጣው ጥያቄ «አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቷል ወይ?» የሚለው ነው። ተነሥቶ ከሆነ ወደ ላሊበላ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ በዚያ ላይ የማራገፊያውንና የመጫኛውን ጊዜ ጨምሮ ማስላት ይቻላል። አልተነሣም ከተባለ ቡና ማዘዝ፣ ለሚቀበሉን ሰዎች ስልክ መደወል፣ ልጅ ካለም መመገብ ነው የሚሻለው። ወደ ማረፊያው ያመጣን ሾፌርም አውሮፕላኑ መምጣቱ ሳይረጋገጥ ስልኩን ሳንቀበል እንዲሄድ ባናደርግ መልካም ነው። የላሊበላ አየር ማረፊያ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በረራው ከተሰረዘ በኋላ መኪና መፈለግ በሰዓቱ ከመድረስ የበለጠ ያደክማል።

ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው ግን በመዘግየት ሳይሆን በሰዓትና በቀን አቆጣጠር ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጆቹ የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ 13:00 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ቀኑም እንዲሁ የፈረንጅ ነው። ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ በማግስቱ ሊመለስ ያሰበ ሰው ጥር 12 ብሎ ያሰበውን ቀን ትኬቱ ላይ የሚያገኘው ጃንዋሪ 20 ተብሎ ነው፤ ከእኛ ጳጉሜን 6 በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን ይዛነፋል። ትኬት የሚቆርጠው በውጭ ሀገር የሚኖር ልጅ፣ ተሳፋሪዋ ደግሞ ላስታ ያለች እናቱ ስትሆን ይህ ስሕተት ይበዛል፤ ልጁ በስልክ «ሰባት ሰዓት ነው» ይላል፣ እናት ደግሞ ሰባት ሰዓት የምታውቀው ከቀትር በኋላ ያለውን ነው፣ አውሮፕላኑም በጠዋት ሄዷል። ለወላጅ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ቀኑንም ከነሳምንቱ ስም ጽፎ ቢልክ፣ ከዚያም መልሳ እንድትነግረው ቢያደርግ እጅግ መልካም ነው። ስምም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመታወቂያው ላይ ያለው የአባትና የአያት ስም ከትኬቱ ጋር ካልገጠመ ከበሩ ላይ ጀምሮ ማስረዳት ይመጣል።

የትናንሽ ከተሞች በረራ በቀን ብርሃን፣ በተለይም በጠዋት የሚበዛበት ምክንያት አለው። አንደኛው ብርሃን ነው፤ የመንደርደሪያ መብራት ያልተዘረጋበት ማረፊያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አውሮፕላን አይቀበልም። በሀገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ስለማትርቅ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት መነሣት የነበረበት በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከዘገየ በኋላ የሚነገረው «ተሰርዟል» የሚል ሊሆን ይችላል። እስከ ዚያች ደቂቃ ድረስ ሠራተኞቹ ተስፋ ሲሰጡ የቆዩት ስለዋሹ አይደለም፤ ብርሃኑ እስኪያልቅ ተስፋው እውነተኛ ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው ደመና ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ማረፊያዎች አውሮፕላኑን በጉም ውስጥ እስከ መሬት አቅራቢያ የሚመራው በቦሌ ያለው ዓይነት መሣሪያ የላቸውም፤ ስለዚህ አብራሪው መንደርደሪያውን ከፍ ካለ ርቀት በዓይኑ ማየት አለበት፤ ዙሪያው ተራራ በሆነበት ቦታ ደግሞ ይህ ከፍታ ይበልጥ ይጨምራል። በሐምሌና በነሐሴ አውሮፕላኑ ከላያችን ደርሶ፣ ድምፁን ሰምተን፣ ዞር ዞር ብሎ ሳያርፍ ሊመለስ ይችላል። ለሚጠብቅ ሰው ልብ የሚሰብር ነገር ነው። ሆኖም አብራሪው ሲነሣ ለመመለሻና ለሌላ ማረፊያ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ የሚነሣው ለዚህ ቀን ነው፤ መንደርደሪያውን ሳያይ አለማረፉም ትክክለኛ ሥራው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ለተሳፋሪ ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ ነገር ግን ሻንጣውን በቀጥታ የሚነካው ነው፤ እርሱም ከፍታና ሙቀት ነው። አውሮፕላን የሚነሣው ክንፉ አየሩን እየገፋ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ለዚያም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ሞተሩም ራሱ በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። የላሊበላ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር፣ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በ2,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ከዚያም ይሳሳል። በማለዳ ቅዝቃዜ ሙሉ ጭኖ የሚነሣ አውሮፕላን በቀትር ሙቀት ያንኑ ጭነት ይዞ መነሣት የማይችልበት ቀን አለ ማለት ነው። ነዳጅ በማይሞላበት ማረፊያ ላይ የመመለሻው ነዳጅ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ስለሚመጣ እርሱም ክብደት ነው። ሒሳቡ ከመጠን ሲያልፍ ነዳጁ አይቀነስም፣ ሰውም በቀላሉ አይቀነስም፤ የሚቀረው ዕቃ ነው። ሻንጣዎ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል ቢባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ቸልተኝነት ሳይሆን ይህ ስሌት ነው።

ስለዚህ በየዕለቱ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የራጅ ውጤት፣ ገንዘብ፣ ፓስፖርትና አንድ ሌሊት የሚያሳድር ልብስ በእጅ ቦርሳ መያዝ አለባቸው። የእጅ ቦርሳም ቢሆን ትንሽ ይሁን። የኪው400 የራስጌ ሣጥን ጠባብ ስለሆነ፣ በትልቁ አውሮፕላን ላይ ያለ ችግር የሚገባው ባለጎማ ቦርሳ ደረጃው ሥር ተወስዶ ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛው ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ቦርሳውን ከማስረከብ በፊት መድኃኒቱንና ፓወር ባንኩን ማውጣት አይዘንጋ፤ ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በየትኛውም አየር መንገድ ወደ ዕቃ መጫኛ መግባት የለበትም።

የሚፈቀደው የኪሎ መጠን ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ከሁሉ የሚያከራክረውም ይህ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ሰው ዓለም አቀፉና የሀገር ውስጡ በረራ በአንድ ትኬት ላይ ተያይዘው ከሆነ በአብዛኛው የዓለም አቀፉ የሻንጣ መብት ይከተለዋል። ሁለቱን ለየብቻ ከቆረጠ ግን የሀገር ውስጡ መጠን ይያዝበታል፤ ሁለት ትላልቅ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰውም ለትርፉ ኪሎ ይከፍላል። በተጨማሪም ወደ ሀገር ቤት በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ መንገደኛ በሀገር ውስጥ በረራ ላይ የዋጋ ቅናሽ ስለሚኖረው ሲቆርጥ የዓለም አቀፉን ትኬት ማሳየቱን እንዳይረሳ። ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ወረቀትም ቆም ብሎ ማየት ነው፤ ላሊበላ ኤል ኤል አይ፣ ጎንደር ጂ ዲ ኪው፣ ባሕር ዳር ቢ ጄ አር፣ አዲስ አበባ ኤ ዲ ዲ ተብለው በሦስት ፊደል ይጻፋሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው የመጨረሻ ምልክት የሻንጣው ማብቂያ ነው። የራሳችን ማብቂያ ከዚያ የሚለይ ከሆነ እዚያው ካውንተሩ ላይ መጠየቅ ይገባል።

ከላሊበላ የሚመለስ ሰው እጅ ውስጥ ምን እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል፤ ጠበል በሃይላንድ፣ ማር በጀሪካን፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ አንዳንዱም ጋር መቋሚያ አለ። ደረቁ ነገር አያስቸግርም። ፈሳሽና እንደ ማር ያለ ወፍራም ነገር ግን ፍተሻ ላይ ሊያስቀር ስለሚችል አስቀድሞ ወደሚጫነው ሻንጣ ማስገባቱ ነው የሚያስተማምነው፤ ክዳኑን አጥብቆ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ፣ በልብስ መካከል አድርጎ። እኔ አንድ ጊዜ በአንድ ትንሽ ማረፊያ ያየሁትን አልረሳውም። አንዲት ነጠላ የተከናነቡ እናት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ለምትቀበላቸው ልጃቸው የያዙትን ሁለት ሊትር ማር ፍተሻው ላይ «አይገባም» ተባሉ። ሻንጣቸው ቀድሞ ሄዷል። ጀሪካኗን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ይዘው፣ ፈታሿን «ልጄ፣ ባዶ እጄን ልሂድባት?» አሏት። ፈታሿ ለቅጽበት ዝም አለች፤ ከዚያም ካውንተሩን ጠርታ፣ አንድ ወጣት ካርቶን አምጥቶ፣ በፕላስተር ጠቅልለው ከሚጫነው ጋር ላኩላቸው። ሰባ ሰው ብቻ የሚስተናገድበት ቦታ ስለሆነ ይህ ተቻለ፤ በትልቅ ማረፊያ ማሩ የሚቀረው እዚያው ነበር። ነገር ግን በሠራተኛ ደግነት ላይ ተመሥርቶ መጓዝ አይገባም። ጥፋቱ የእናቲቱ አልነበረም፤ ትኬቱን የቆረጠላቸው ሰው ሊነግራቸው ይገባ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበር አረጋዊ ወላጅ ያለው ሰው የፍተሻውን ነገር አስቀድሞ ቢያስረዳ ውለታ ይሆንለታል። መኪናው ገና ከግቢው መግቢያ ይፈተሻል፣ ሸኚ በአብዛኛው ከዚያ ወይም ከሕንፃው በር አያልፍም፣ ሕንፃው ሲገባ አንድ ፍተሻ፣ ወደ መሳፈሪያው አዳራሽ ሲታለፍ ሌላ ፍተሻ አለ። ጫማና ቀበቶ ይወልቃል፣ ነጠላና ጋቢ በማሽኑ ያልፋል፣ ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይዳስሳል። ይህን ያልሰማ ሽማግሌ ጫማ አውልቅ ሲባል እንደ ተዋረደ ሊሰማው ይችላል። መራመድ የሚቸግረው ሰው ካለ ዊልቸር የሚጠየቀው ትኬት ሲቆረጥ ነው፤ በትንሽ ማረፊያ ከሕንፃው በቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ የሚያስገባ መተላለፊያ የለም። ሜዳውን በእግር ተሻግሮ በአውሮፕላኑ በር ላይ ባለችው አጭር ደረጃ መውጣት ግድ ነው።

ከበረራው ሁለት ሰዓት አስቀድሞ መድረስ በዛ ያለ ቢመስልም አልበዛም። ካውንተሩ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፤ ገናን ላሊበላ ያከበረ ሕዝብ በአንድ ጠዋት ሲመለስ ሰልፉ እስከ ውጭ ይደርሳል። «ሲስተም የለም» የሚባልበት ቀንም አለ። መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሠራተኞቹ የተሳፋሪውን ስም በዝርዝር ላይ እየፈለጉ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱን በእጅ እየጻፉ ያስተናግዳሉ፤ ያን ጊዜ ትኬቱን በወረቀት አትሞ የያዘ ሰው ስልኩን እያበራ ከሚያጠፋው ይልቅ ቶሎ ያልፋል። ጥቂት ጥሬ ገንዘብና የሚበላ ነገር ይያዝ፤ በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ከቡና፣ ከሻይና ከውኃ ያለፈ ነገር ሁልጊዜ አይገኝም።

አውሮፕላኑ ሊደርስ ሲል ለሚያስተውል ሰው ምልክቶቹ ብዙ ናቸው። አንድ መኪና መንደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ነድቶ ከብት፣ ውሻ ወይም አሞራ አለመኖሩን ያያል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መኪናቸው አጠገብ ይቆማሉ፤ ቀጥሎ ከተራራው ጀርባ ድምፁ ይመጣል፣ አዳራሹም ባንድ ጊዜ ይነሣል። መቸኮል ግን አያስፈልግም፤ የመጡት ሰዎች ሳይወርዱ ማንም አይወጣም። ወደ አውሮፕላኑ ሲኬድ አስተናባሪው ከሚያሳየው መስመር አለመውጣት፣ ልጅን በእጅ መያዝ፣ ነጠላን ማጣፋት ያስፈልጋል። የሚሽከረከር ፕሮፔለር ለዓይን አይታይምና በአቋራጭ በክንፉ ሥር መሄድ ለሞት ያደርሳል፤ የቆመ መስሎ ቢታይም እንኳ ወደ እርሱ መጠጋት ክልክል ነው። ሁለት ከተሞችን አያይዞ በሚዞር በረራ ላይ አንዳንዶች ከነበሩበት ወንበር ሳይነሡ ስለሚቆዩ፣ ሲያርፉ ማስታወቂያውን ሰምቶ የየትኛው ከተማ ማረፊያ እንደሆነ አረጋግጦ መውረድ ይገባል።

ድምፁ የሚያስቸግረው ሰው ከፕሮፔለሩ ትይዩ ያሉትን ወንበሮች ትቶ ወደ ኋላ ይቀመጥ። በመስኮት በኩል ከክንፉ ሥር የተቀመጠ ግን ትልቅ አውሮፕላን ላይ የማይታይ ነገር ያያል፤ ሊያርፉ ሲሉ ከሞተሩ ሥር መዝጊያው ተከፍቶ ጎማው ቀስ ብሎ ይዘረጋል፣ መሬት ሲነካም ከጎኑ ጭስ ይወጣዋል። የአውሮፕላኑ መናጥ ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ፀሐይ ያሞቀችው ምድር አየሩን ወደ ላይ ስለምትገፋው ነው፤ ቀበቶ ታስሮ ይቆይ። ጆሮን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር አለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ብዙም የማይሰማው ሕመም ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ ሰመራ ሲወረድ ይሰማል። የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር የሚጠበቀው ከፍ ቢል 2,400 ሜትር ላይ ባለው ግፊት ነው፤ ይህ ደግሞ የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደጋ ለደጋ ሲበረር ጆሮ የሚለምደው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ግን ከ1,500 ሜትር በላይ ያለውን ልዩነት በደቂቃዎች ውስጥ ይሸከማል። ሕፃን ያላት እናት መውረድ ሲጀመር ብታጠባው፣ ሌላውም ምራቁን ደጋግሞ ቢውጥ ይቀላል።

ስለ ስረዛ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ በዚያው ዕለት ማታ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ዓረብ ሀገር የሚበር ሰው አደጋ ላይ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከሆኑ የመጀመሪያው ሲሰረዝ አየር መንገዱ ቀጣዩን ያስተካክላል፤ ለየብቻ የተቆረጡ ከሆኑ ግን የሁለተኛው ትኬት ኪሳራ የተሳፋሪው ነው። የሥራ ውል ቀን ያለባት ወይም ቪዛዋ የሚያልቅባት እኅት በአንድ የጠዋት ጉም ምክንያት ብዙ ልታጣ ትችላለች። ቢያንስ አንድ ቀን፣ በክረምት ሁለት ቀን አስቀድሞ አዲስ አበባ መግባት ነው። ከላሊበላ በመኪና መውጣት አማራጭ ቢሆን እንኳ መንገዱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን ይወስዳል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታ ምክንያት ወደ ላሊበላና ወደ ሌሎች ከተሞች የሚደረገው በረራ የተቋረጠባቸው ጊዜያት ስለነበሩም፣ በጉዞው ሳምንት ለከተማው ትኬት ቢሮ ደውሎ ማረጋገጥ ይገባል። በትኬቱ ላይ የተመዘገበው ስልክ ተጓዡ ራሱ የሚያነሣው የኢትዮጵያ ቁጥር ይሁን፤ የሰዓት ለውጥ ሲኖር መልእክቱ የሚሄደው ለዚያ ቁጥር ነው፤ ሲያትል ተኝቶ ወዳለው ልጅ ስልክ የተላከ መልእክት ላስታ ያለችውን እናት አያነቃትም።

ቦሌ ሲደረስ የሀገር ውስጡ መውጫ ከዓለም አቀፉ የተለየ ስለሆነ ተቀባይ የት እንደሚቆም በስልክ መስማማት ያስፈልጋል። ሻንጣው ካልመጣ ከአዳራሹ ሳይወጡ፣ በመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ የተለጠፈችውን ቁራጭ ወረቀት ይዞ እዚያው ማስመዝገብ ነው፤ ከወጡ በኋላ ተመልሶ መግባት ፍተሻውን እንደገና ከበሩ መጀመር ይሆናል። ሲያስመዘግቡ የሻንጣውን ቀለም፣ ያለበትን ምልክትና የሚቀመጡበትን ሰፈር ይንገሩ፤ ከላሊበላ የሚቀጥለው አውሮፕላን መቼ እንደሚመጣም ይጠይቁ፤ የቀረው ሻንጣ የሚመጣው በእርሱ ነውና።